ከሞት በኋላ ያደገችው ልጅ

ሞት ክፉ ነው ይባላል፤ እኔን የሚያንገሸግሸኝ ግን የሰው ሆድ ነው! ልብስ ሰፊዋና የጭነት መኪና ሹፌሩ ባሏ አንድያ ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይሳሱላት ነበር። በአራት ዓመቷ ትኩሳት ያዛት፤ ሳትሰነብት ሄደች... አልቃሹ ሁሉ እናቲቱን ከቦ «ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ይላታል። እንትፍ! ልጅ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ይተካል? ባልየው ደግሞ የቤቱ ዝምታ ከበደኝ ብሎ፣ ልብሱን ሰብስቦ ሌላ ሴት ቤት ገባ።

እናቲቱስ? ለእሷ ቀኑ ይመሻል፣ ይነጋል እንጂ አያልፍም። ልጇ የታመመችበትን ቀን ዛሬም «ትናንት» ትለዋለች። ልጅቷ ግን ታድጋለች! ከደንበኛ ጨርቅ ቁራጭ በተረፋት ቁጥር ቀሚስ ትሰፋላታለች፤ ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ትከሻውን ታሰፋለች፣ ጫፉን ታስረዝማለች። ምነው ቀሚሱ ረዘመ የሚላት ሰው ካለ፣ ቁመቷን ከአባቷ ነው የወሰደችው ትላለች። አብዳለች ብላ በሰፈሩ ያስወራችባት ማን መሰላችሁ? የገዛ እህቷ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያ ሹፌር ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ። ከዚያኛዋ ሴት የወለዳት ልጅ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ እናም የሟቿን ልብሶች ብል ከሚበላቸው ለእሷ ልውሰድላት አለ። ብል ከሚበላቸው! ይህን የተናገረ አፍ ተመልሶ እህል ይጎርሳል?

አልሰደበችውም። የስፌት መኪናዋን አቁማ ተነሳችና ቁም ሳጥኑን ከፈተችለት። ሰውዬው እጁን ሰደደ፤ እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ቀሚሶቹ ከትንሹ እስከ ትልቁ ተሰቅለዋል፤ የመጨረሻው ወገቡ ጠበብ ብሎ ለኮረዳ የሚሆን ነው። አንዱም ገላ አልነካውም። የጨርቅ ቁርጥራጩ ላይ ቁጭ ብሎ ተንሰቀሰቀ። ቀና ሳይል ጠየቃት።

«አሁን... ስንት ዓመቷ ነው?»

ወይ ጉድ! ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ስንት ክረምት አለፈ? አንድም ሰው ጠይቋት አያውቅም። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሞታለች እኮ» አለችው። «ልጃችን ሞታለች።»

ከዚያ ጮኸች። በቀብሩ ቀን ያልወጣው ጩኸት ያን ጊዜ ወጣ። ዕጣ ፈንታ ይሉታል ይህን፤ ልጅን በቅጽበት ነጥቆ፣ እናትን ለለቅሶዋ እንኳ ዓመታት ያስጠብቃል! ጎረቤቶቹ ግር ብለው መጡና፣ እህቷም ከፊት ሆና፣ በሩ ላይ ቆመው ማን ሞተ ብለው ጠየቁ።