ስም ያልተጠራበት ጸሎት

«‹እየጸለይንልሽ ነው› አሉኝ!» አለች ድንቢጥ፣ የትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ ቆማ። ውሃው ኮዳዋን ሞልቶ እየፈሰሰ ጫማዋን ያርሰዋል፤ እሷ ግን አላየችውም። «ሦስት ልጆች! በአንድ ጠዋት! አንዷማ እጄን ይዛ ‹ፈተና ላይ ትንፋሽሽን የሚዘጋው ነገር ይለቅሻል› አለችኝ። ይህን የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነው።»

«ቅዳሜ ጸሎት ላይ ስምሽን አልጠራሁም እኮ!» አለች ጓደኛዋ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ለሁሉም ሰው ካልጸለይኩ ስለምትል ክፍሉ በሙሉ «ፓስተር» ይላታል።

«እና ምን አልሽ?»

«ከኋላዬ የምትቀመጥ… የሒሳብ ፈተና ላይ ትንፋሿ የሚዘጋ… ባዶ ወረቀት የመለሰች አንዲት ጓደኛ አለችኝ ነው ያልኩት።»

«ታርጋዬን ብቻ ነዋ የረሳሽው!» ድንቢጥ ኮዳዋን እንኳ ሳትከድን ጥላት ሄደች።

ፓስተር መጀመሪያ የተናደደችው በድንቢጥ ነበር። ቅዳሜ የወጣቶች ጸሎት ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ እንባዋን እያፈሰሰች ነው የጸለየችላት። ለዚህ ነው የምታኮርፋት? ከሰዓት ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። አምና አባቷ ከቤት ወጥቶ ሦስት ወር በጠፋ ጊዜ፣ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቃ ታለቅስ ነበር። ድንቢጥ አገኘቻት፤ የሆነውን እስክትነግራት አብራት ቆየች፣ ፊቷን አስታጠበቻት። ከዚያ ወዲህ ስለ አባቷ የጠየቃት ሰው የለም። አንድም ሰው! እስከ ዛሬ ዕድል ይመስላት ነበር። ለካ አንዲት ልጅ አፏን ስለያዘችላት ነው። እሷ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብላት አታውቅም።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ አክስቷ ሄደች። አክስቷ ድሮ ነርስ ነበረች፤ አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሰው የምታማክርባት ጠባብ ክፍል አለቻት። ሁለት ወንበር፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት፤ ሌላ ዕቃ የለም።

ፓስተር ሁሉንም ነግራት ስትጨርስ አክስቷ ሳቋ አመለጣት። «‹ታርጋዬን ብቻ ነው የረሳሽው›? ይቺ ልጅስ ትወደድ!» ከዚያ ኮስተር አለች። «ቆይ ግን፣ የጸለይሽው ለእግዚአብሔር ነው?»

«ታዲያ ለማን ልጸልይ?»

«እሱማ ልጅቷ ስትነግርሽ አብሮ ሰምቷል። ዝርዝሩን መንገር ያስፈለገው ለማን ነው?»

ፓስተርን ቅዳሜ ጓደኞቿ አቅፈዋት «እንዴት ያለ ልብ ነው ያለሽ!» ሲሏት ደስ ብሏት ነበር፤ ይህ ትዝ ሲላት ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣» አለቻት አክስቷ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እኔም ይህን ሥራ እንደጀመርኩ የአንዲትን እናት ጭንቀት ምሳሌ አድርጌ በጉባኤ አስተማርኩበት። ስሟን አልጠራሁም። ሴትዮዋ ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሁለተኛ አልመጣችም። እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል። ያን ረድፍ ባየሁ ቁጥር ግን አሁንም ያመኛል።»

«አንቺም ትሳሳቻለሽ?»

«ነገርኩሽ እኮ! ይልቅ ስሚኝ። ይቅርታ ስትጠይቂያት ‹ለደግ አስቤ ነው› የምትለዋን እዚሁ ጥለሽልኝ ሂጂ። እሷን ከጨመርሽ ራስሽን ማጽናናትሽ ነው።»

ድንቢጥን ያገኘቻት በረንዳቸው ላይ ልብስ ስታሰጣ ነው። ፓስተር ከባልዲው አንድ ሸሚዝ አንስታ አራገፈችና አቀበለቻት። ድንቢጥ ተቀበለቻት፤ አላየቻትም።

«የአንቺን ምስጢር አወራሁት። አጥፍቻለሁ፣» አለች ፓስተር። ‹ለደግ…› የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። «ደግሞ አምና ስለ አባቴ ለማንም ስላልተናገርሽ አመሰግናለሁ። እስከ ዛሬ ሳልልሽ በመቅረቴ አፍራለሁ።»

ድንቢጥ የተጨመቀውን ካልሲ እንደገና ጨመቀችው። «ገና አልተውኩልሽም።»

«እሺ።»

«የሒሳብ መምህሩ ነገ ጠዋት በድጋሚ ሊፈትኑኝ ነው። ብቻዬን መሄድ ፈርቻለሁ። ብትመጪ… ግን ጮክ ብለሽ እንዳትጸልዪ!»

«ከንፈሬንም አላንቀሳቅስም።»

ድንቢጥ ሳትፈልግ ፈገግ አለች።

በማግስቱ ጠዋት አብረው ሄዱ። ፓስተር የድንቢጥን እጅ ያዘች። በልቧ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጌታ ሆይ፣ እሷን ስለሰጠኸኝ ተመስገን። ደስታዋ ብዙ ስለነበር ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ድንቢጥ ገብታ በሩ እንደተዘጋ፣ ከቅዳሜው ቡድን አንዷ በኮሪደሩ እየሮጠች መጣች። «እንዴት ናት? አሁንም ትንፋሿ ይቆማል? ቅዳሜ በጸሎት እንድናነሳላት ንገሪኝ እንጂ።»

«ስለ እሷ እኔን አትጠይቂኝ፣» አለች ፓስተር። «ቅዳሜ የኔን አንሱልኝ። የሰው ምስጢር አውጥቻለሁ።»

ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። «ስም ሳንጠራ ነው አይደል?»

«በስሜ።»

ልጅቷ ግራ እንደተጋባች ሄደች። ፓስተር በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ፈተናው እስኪያልቅ ገና አርባ ደቂቃ ይቀር ነበር።