በሦስተኛዋ ጀልባ ላይ የነበረው መስመር

የኪሩቤልን አስከሬን ከሐይቁ እምቦጭ መሃል ያወጡት የቁንዝላ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ባሕር ዳር ሲያደርሱት እኅቱ ማኅሌት አላለቀሰችም። የተፈታውን የጫማውን ክር አሰረችለት።

በአሥረኛው ቀን መርማሪው ጥዑመ ልሳን እሷንና ሁለት ባልደረቦቿን ሐይቁ ዳር ባለው መሥሪያ ቤታቸው ሰበሰበ። መሐንዲሱ ፍሬ ስብሐት ወደ ሐይቁ የሚወጡትን ጀልባዎች ዝርዝር በኢሜይል ለኃላፊው ለአቶ ይትባረክ ልኮ ነበር፤ እሳቸው ለጸሐፊያቸው ለማኅሌት፣ ማኅሌት ለወንድሟ። ኪሩቤል በሦስተኛዋ ጀልባ የሐይቁን ጥልቀት ሊለካ ወጣ፤ ጀልባዋ ውኃ አስገብታ ሰጠመች።

«እኔ ሦስተኛዋን ብልሹ ስለሆነች ሰርዣት ነበር» አለ ፍሬ ስብሐት። «በላይዋ መስመር አስምሬ።»

«ኢሜይል ፎርዋርድ ሲደረግ መልኩ ይለወጣል» አሉ አቶ ይትባረክ። «ቀለሙም መስመሩም ይረግፋል። የእሷ ስልክ ደግሞ አሮጌ ነው። ምን ታድርግ!»

ማኅሌት ጣቶቿን አየች። በእነሱ ነበር የላከችው።

«እውነትዎን ነው» አለ ጥዑመ ልሳን። «አንዱ ፕሮግራም ያስጌጠው ለሌላው አይገባውም፤ ያልገባውን ያራግፋል። ፍሬ ስብሐት፣ ሌላ የሰረዝኸው ነበር?»

«አዎ፤ የመውጫውን ቀን ማክሰኞ ብዬ ጽፌ፣ እሱን ሰርዤ ረቡዕ አልሁ።»

መርማሪው ለኪሩቤል የደረሰውን በኮምፒውተሩ አሳያቸው። «ማክሰኞ ይኸው እንደተሰረዘ ነው። ማሽን ቢያራግፍ ሁለቱም መስመሮች በጠፉ ነበር። አንዱን ለይቶ ያነሣ ሰው ነው።»

«እሷስ ብትሆን?» አሉ አቶ ይትባረክ።

«የደረሰን መልእክት ተቀባይ ሊለውጠው አይችልም፤ እንደመጣ ይቆያል። እኅቴ፣ እሳቸው የላኩልሽን ክፈችው።»

አሥር ቀን ሙሉ ስልኳን ገልብጣ ነበር የምታስቀምጠው። ከፈተችው። ማክሰኞ ተሰርዟል። ሦስተኛዋ ጀልባ ላይ ምንም የለም።

አቶ ይትባረክ ወንበሩን ያዙ። «ተጠግናለች ብዬ ለበላይ ጽፌ ነበር… አንድ ቀን አያቅታትም ብዬ መስመሩን አነሣሁት።»

«ቤቴ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጠዋል» አለች ማኅሌት፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «‹ስልክሽ ነው፣ በራስሽ አትፍረጂ› አሉኝ።»



እሷ በስልኩ ላይ ወደ ወንድሟ መልስ ወረደች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አይታው አታውቅም።

«ደርሶኛል፣ እታለም። በሦስተኛዋ እወጣለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስልኩን አልገለበጠችውም።