ወደ ወፍጮ ቤቱ የዞረው ራዲዮ

የወፍጮ ጠጋኙ ሙዓዊያ የሞተሩን ሽቦ እየፈታ ሳለ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞተ። ሰው መቼ ይታገሳል! ሬሳው ሳይነሳ ኮምቦልቻ ፈረደች፦ «ሰዒዳ ማብሪያውን ሳታጠፋ ትታው፣ መብራት ሲመጣ ገደለችው!» የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ሰዒዳ ጡት ያልጣለ ልጇን ለእህቷ ሰጥታ ታሰረች።

በሦስተኛው ቀን ኢንስፔክተር ቢልቂስ ከደሴ ወረደች። መጀመሪያ የሄደችው ከወፍጮ ቤቱ አጥር ማዶ ወዳሉት ወደ ሟቹ አባት ነበር።

«አላህ ሰብሩን ይስጥዎ፣ አባባ መሕሙድ። የልጅዎን ጩኸት መቼ ሰሙ?»

«የዐስር አዛን ሳይባል። ዜና እያዳመጥኩ ራዲዮው ድንገት እየጮኸ አስቸገረኝ። ራዲዮውን እንዳለ ወደ ጎን አዞርኩት፣ ጠራ። ወዲያው ልጄ ጮኸ። ያቺን ሰዒዳ አላህ የእጇን ይስጣት!»

«መብራትስ መቼ መጣ?»

«ከሶላት በኋላ።»

ቢልቂስ ደነገጠች። ሙዓዊያ የሞተው መብራት በሌለበት ሰዓት ነው! መስኮቱ ላይ ያለውን የባትሪ ድንጋይ ራዲዮ አየች።

«ከዚያ ወዲህ ነክተውታል?»

«ለቅሶ ቤት ራዲዮ ይነካል እንዴ?»

ቀጥላ የወፍጮ ቤቱን ዘበኛ ደምለውን ጠየቀችው።

«መብራት ከሄደ ማን ማብሪያ ያጠፋል? ሁላችንም ሽቦ በባዶ እጅ ነው የምንይዝ» አላት።

«መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ኢንቨርተር ያለው ማነው?»

«እኔ በር ላይ ትንሽ አለችኝ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ጸጋውም ቢሮው ውስጥ አለው።»

«ጋሽ ጸጋው ከሙዓዊያ ጋር ይስማሙ ነበር?»

ደምለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ ጸጋው የወፍጮውን ቀበቶ መከለያ አስነስቶ የአንዲት ልጅ እጅ ተቆረጠ። ሙዓዊያ ሰኞ ፍርድ ቤት ሊመሰክርበት ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መሕሙድ ቤት ተሰበሰቡ፤ ሰዒዳም በፖሊስ ታጅባ፣ እህቷም ሕፃኑን ታቅፋ መጡ።

«በኢንቨርተር ውስጥ ኤሌክትሪኩ ያለ ዕረፍት ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል» አለች ቢልቂስ። «ከዚያች ትንሽ ቦታ የሚነሳው ሞገድ ኩሬ ላይ እንደተጣለ ጠጠር ዙሪያውን ይሰራጫል። ጆሮ አይሰማውም፣ ራዲዮ ግን ይሰማዋል። የዚህ ራዲዮ አንቴና ውስጡ የተጋደመ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ወደ ምንጩ ሲዞር ጩኸቱ ይጠፋል።»

ራዲዮውን ሳትነካ ጫፎቹን አሳየች። አንዱ ወደ ቦርከና ወንዝ ያያል፤ ሌላው ቀጥ ብሎ ወደ ጸጋው ቢሮ። የደምለው በር ሌላ ጥግ ነው።

«ራዲዮ መቼ ነው ምስክር የሆነው?» ጸጋው ሳቀ።

«ቢሮህን ፈትሸናል። ከኢንቨርተርህ ወደ ሞተሩ የተዘረጋው ሽቦ ከጣሪያው ሥር ተገኝቷል።»

ሳቁ ጠፋ። «ላስደነግጠው ብዬ ነው... ወላሂ፣ እንዲሞት አልነበረም!»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። መሕሙድ ግን ዓይናቸውን ከራዲዮው አልነቀሉም።

«ሞቱ እዚህ ድረስ መጥቶ ሲጮህብኝ፣ ዜናዬ እንዲጠራ ብዬ አዞርኩት» አሉ። ከዚያ ወደ ሰዒዳ ዞሩ። «አንቺንም ረገምኩሽ። ልጄ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ሰዒዳ ልጇን ከእህቷ ተቀብላ አጠገባቸው ቁጭ አለችና አብራቸው አለቀሰች።