ኡሜሃሩ ያልቀመሰችው ዓሣ

መርማሪ ሴጋዋ በጃፓኗ ካናዛዋ ከተማ ያለውን የሻይ ቤት ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ አስቃሰተው። ሬሳ ማየት ከታከተው ቆይቷል። እንግዶችን በዘፈንና በውዝዋዜ የምታጫውተው ጌሻ ኡሜሃሩ በእንግዳው ክፍል ምንጣፍ ላይ በጎኗ ወድቃለች። ሐኪሙ «መርዝ ነው» ብሎ ወጥቷል።

ገበታው ላይ ግማሹ የተበላ ዓሣ፣ አንድ ጥንድ የመብያ እንጨትና ሳኬ የሚሉት የሩዝ አረቄ የሚጠጣባት አንዲት ስኒ አሉ። የስኒዋ አፍ በከንፈር ቀለም ቀልቷል። ሴጋዋ የእንጨቶቹን ጫፍ አየ፤ ቅላት የለባቸውም።

ብቸኛው እንግዳ፣ የሐር ነጋዴው አዋዙ፣ ግንባሩን ይጠርጋል።

«ብዪ አልኳት፣ ግማሹን ዓሣ ጨረሰችው። እኔ አልነካሁትም። ያመጣችው ያቺ ናት!»

ያመለከተው ሙያውን ገና የምትማረውን ኮኢቶን ነው። ፊቷ ላይ የተቀባው ነጭ ቀለም በእንባ ተዥጎርጉሯል።

«እትዬን? እኔ? ውዝዋዜ ያስተማረችኝ እሷ እኮ ናት!»

«ትናንት ስለተቆጣቻት ቂም ይዛ ነው። ምን ትጠብቃላችሁ? እሰሯት እንጂ!»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሴጋዋን አየው። ልጅቱ ታስራ ከወጣች፣ ነገ ብትፈታም የሚቀበላት ቤት አይኖርም። ሴጋዋ ወደ ቤቱ እመቤት ወደ ቶሚ ዞረ።

«ኡሜሃሩ ምሳ በልታ ነበር?»

«እንዴታ! ቤቷ ጠግባ ነው የመጣችው። ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? የእርስዎስ እናት ጌሻ አልነበሩም? ደንቡን ያውቁት የለ?»

ሴጋዋ በድካም ፈገግ አለና ሁሉንም አስቀመጣቸው።

«አቶ አዋዙ፣ እዚህ ቤት ሲመላለሱ አርጅተዋል። ጌሻ ከእንግዳ ገበታ ስትጎርስ አይተው ያውቃሉ?»

አዋዙ ግንባሩን እንደገና ጠረገ።

«አላዩም። ስትቀዳና ስትስቅ እንጂ ስትራብ አስበዋት አያውቁም። መብያው አንድ ጥንድ ነው፣ የእርስዎ። ከንፈሯ ቢነካው ይቀላ ነበር። ስለዚህ ዓሣውን የበሉት እርስዎ ነዎት፤ ይኸው በሕይወት አሉ። መርዙ ዓሣው ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። እሷ እንግዳ ፊት የምትቀምሰው ሳኬ ብቻ ነው፣ እሱንም እንግዳው በገዛ እጁ ስኒውን ሲሰጣት። ከእርስዎ ሌላ እንግዳ ነበር?»

«ሥራዋን ትታ ኪዮቶ ልትሄድ እንደሆነ ነግራዎት ነበር!» አለች ቶሚ ወደ አዋዙ ዞራ።

«ጥላኝ ልትሄድ!» ብሎ ጮኸ አዋዙ። «እኔን! ማን ሆና ነው?»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ሴጋዋ ደስታ አልተሰማውም፤ የደከመው ልቡ ብቻ አዘነ። ቶሚ ለኮኢቶ ሩዝ አመጣችላት። ልጅቱ ግን እጇን አልዘረጋችም።

«ብዪ እንጂ፣ ልጄ» አላት ሴጋዋ።

«እንግዳ ፊት አንበላም፣ ጋሼ።»

እናቱ ከሥራ ስትመለስ ቆማ የምትጎርሰው ቀዝቃዛ ሩዝ ትዝ አለው። ምንም ሳይል ዞሮ ፊቱን ለግድግዳው ሰጠ። ቆይቶ፣ ከኋላው እያለቀሰች ስትበላ ሰማት።