ልብ እስኪመለስ

ሲስተር ፋንታነሽ የድንገተኛ ክፍሉን ተራ ስትረከብ እንደ ልማዷ የልብ ማስነሻ ማሽኑን ሞከረች፣ የመድኃኒት መደርደሪያውን ፈተሸች። ከውጭ የደሴ ጉም መስኮቱ ላይ ተኝቷል፤ ዝናብ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ኮሪደሩ በበረኪናና በእርጥብ ጋቢ ሽታ ታፍኗል።

ረፋዱ ላይ ልብስ ሰፊው አቶ ይመር በባለቤታቸው በወይዘሮ ዘሀራ ተደግፈው ገቡ። ልባቸው በደቂቃ መቶ ዘጠና ሁለት ጊዜ ይመታል። ዶክተር እንድሪስ ሴትዮዋን ውጭ አስቀምጦ የልብ ምት ወረቀቱን ደግሞ ደጋግሞ አየው።

«አባባ፣ አስም አለብዎት?»

«የለብኝም፣ ልጄ።»

ትንፋሻቸውን ይዘው እንዲያምጡ ቢያደርጋቸውም ምቱ አልበረደም።

«አሁን የምንሰጥዎ መድኃኒት ልብዎን ለጥቂት ሰከንድ ያቆመዋል። ይጨንቅዎታል፤ ግን ወዲያው ያልፋል።»

አቶ ይመር የፋንታነሽን እጅ ጨበጡ። «እንዳትለቂኝ።»

መድኃኒቱ ግን ሁለት እጅ ይፈልጋልና ለቀቀቻቸው። መጠኑን ጮክ ብላ አነበበች፤ ዶክተሩ አረጋገጠላት። አዴኖሲን የተባለውን መድኃኒት በክንዳቸው ትልቅ ደም ሥር ባንዴ ገፋችው፣ ወደ ልብ የሚያደርሰውን ጨዋማ ውሃም አስከተለች።

የሞኒተሩ ጩኸት ተቆረጠ። የልብ ምታቸው መስመር ተጋደመ፤ ዓይናቸው ተከደነ።

መቁጠር ጀመረች። አምስት፣ ስድስት ላይ ይመለሳል፤ ሁልጊዜም ይመለሳል። ዘጠኝ ስትል ግን ቆርቆሮውን ይደበድብ የነበረው ዝናብ ሳይቀር የራቀ መሰላት፣ የበረኪናው ሽታ ጠፍቶ አዲስ የተቆፈረ አፈር ሸተታት፤ ዶክተሩ ደረታቸውን ሊጫን ሲያጎነብስም፣ መስመሩ እንደተጋደመ፣ አቶ ይመር ዓይናቸውን ገለጡና ክፍሉን ገና ዛሬ እንደሚያየው ሰው ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብለው ቃኙት።

ከዚያ ምቱ ተመለሰ። ሰባ ሁለት።

«አልሐምዱ ሊላህ!» አለ ዶክተሩ፣ ላቡን እየጠረገ። «አየሽ? ዓይናቸውን ሲገልጡ አየሽ?»

ፋንታነሽ ዓይኗን ከሞኒተሩ አልነቀለችም። አቶ ይመር ሲያስሉም፣ ተነስተው ሲቀመጡም ቁጥሩ ከሰባ ሁለት ንቅንቅ አላለም። እጃቸውን ብትነካው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ» አሉ፣ ፈገግ ብለው። «ዘሀራን ጥሪልኝ።»

ወይዘሮ ዘሀራ እየሮጡ መጡና በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ባልጋው ላይ ያለው ሰው እጁን ዘርግቶ «ነይ፣ ቅረቢ» አላቸው። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኑን አዩት፤ ከዚያም ወደ ፋንታነሽ ጠጋ ብለው በለሆሳስ «ልጄ፣ የኔ ይመርስ የት አለ?» አሏት።