የካሳሁን ድሪቶ

ብታምኑም ባታምኑም፣ ቤቱ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ በእጄ ነክቼዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ቤታችን ከባህል አዳራሹ ብዙም አይርቅም።

ነገሩ የሆነው እናንተ እንደምትጠብቁት በጨለማ አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ፣ የሐይቁ ነፋስ መጋረጃውን እየነካካ፣ ጎረቤት ሬዲዮ ተከፍቶ... እንደዚያ ባለ ሰዓት።

ደግሞም በጣም ተናድጄ ነበር። ዛሬም ድረስ ከፍርሃቱ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ንዴቱ ነው።

እናቴ ሙሉጌጥ ድሪቶ እንስራ አለች። ድሪቶ ስላችሁ፣ ከተረፈ ጨርቅ ቁራጭ በቁራጭ ተገጣጥሞ፣ ከሥሩ ገበር ገብቶለት፣ መሃሉ ጥጥ ተሞልቶ የሚሰፋ ብርድ ልብስ ነው። ለወንድሜ ለካሳሁን ነበር የታሰበው። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘምቷል። "ብርዱ አጥንት ይሰብራል" ብሎ በሰው አስነግሮን ነበር። የጎረቤት ልጅ ከፈቃድ ሲመለስ ይዞለት ሊሄድ ተስማማ።

የእናቴን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። የምትሰፋው በዳበሳ ነው። ልቧም በሽተኛ ነው፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይደርስባት ብሎ አስጠንቅቆናል። እኔ ደግሞ ሆዴ ገፍቷል። ባሌ ደምሴ ዲላ ስለሚያስተምር እስክወልድ ብዬ እናቴ ቤት ገብቻለሁ።

ድሪቶው እኩሌታ ላይ ሲደርስ፣ ፒያሳ ብዙአየሁን አገኘሁት።

ከወንድሜ ጋር አብሮ የዘመተ ልጅ ነው። በክራንች ነበር የሚሄደው። ሲያየኝ መንገድ ሊቀይር ሞከረ፤ እግሩ እሺ አላለውም።

"ካሳሁንስ?" አልኩት።

መሬት መሬት አየ።

"ብዙአየሁ... ካሳሁንስ?"

"በእጄ ነው አፈር ያለበስኩት" አለኝ በሹክሹክታ። "ያቺን ሰማያዊ ባለመስመር ሸሚዙን ከዩኒፎርሙ ሥር እንደለበሳት። ብርድ ነው እያለ አያወልቃትም ነበር።"

እዚያው አጥር ተደግፌ ቆየሁ። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም። ፊቴ ካበጠ እናቴ በድምፄም በትንፋሼም ታውቅብኛለች። ካወቀች ደግሞ ልቧ አይችለውም። እናቴን ልቀብር ነው ማለት ነው።

ዋጥኩት።

ቤት ስገባ "የት ጠፍተሽ ነው?" አለችኝ። "ነይ፣ ይሄን ረድፍ ግጠሚልኝ።"

እስቲ አስቡት። የሞተ ወንድሜን ብርድ ልብስ እየሰፋሁ "ትከሻው ሰፊ ነው፣ ጨምሪበት" እባላለሁ። ስፌቴን በጣቷ ትዳብስና "ተጣሟል፣ ተርትሪው" ትለኛለች። እተረትራለሁ። እንደገና እሰፋለሁ። "አሁንም ተጣሟል።" ለማይለብሰው ሰው! አንዳንዴ መቀሱን ወርውሬ በሩን በርግጄ መውጣት ያምረኝ ነበር። ወንድሜ ላይ ሳይቀር ተናደድኩ። ሞቶም ሥራ አበዛብኝ።

ከዚያ ነው ቁራጩ የመጣው።

ከምሳ በኋላ የተገጣጠመውን ጨርቅ ልዘረጋው ስል፣ ከካኪዎቹና ከአበባማዎቹ መሃል አንድ የማላውቀው ቁራጭ አየሁ።

ሰማያዊ ነው... ባለመስመር።

ጠጋ ብዬ አየሁት። የቁልፍ ቀዳዳ አለው። ከጎን ካሉት ቁራጮች ጋር በራሳችን ነጭ ክር ተገጥሟል። ስፌቱ ግን የእኔ አይደለም፤ የእናቴም አይደለም። ከሁለታችንም የጠበቀ ነው።

ያ ሸሚዝ ቤታችን አልነበረም። ካሳሁን ሲሄድ ለብሶት ነው መኪናው ላይ የወጣው። እናቴም እኔም እጃችንን ያውለበለብነው ለዚያ ሰማያዊ ነው።

እናቴ እጇን ዘርግታ መዳበስ ጀመረች። ካኪውን አለፈች። አበባማውን አለፈች። ሰማያዊው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

ቆየች... ቆየች... ከዚያ ምንም ሳትል አለፈችው።

ተመስገን፣ አላወቀችውም አልኩ በልቤ። ስታሸልብ ጠብቄ ቁራጩን ተርትሬ አወጣሁትና ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። በቦታው ካኪ ሰፋሁ። ጣቴ በመርፌ እየተወጋ፣ እየተራገምኩ።

በማግስቱ ሁለት ሆኖ መጣ።

አንዱ ካኪ የሰፋሁበት ቦታ ላይ፣ ሌላው ከታች። የታችኛው ኪስ ነበረው። ጣቴን ኪሱ ውስጥ ሰደድኩ። ደረቅ ቀይ አፈር ወጣ።

ደሜ ፈላ። መፍራት ሲገባኝ ተናደድኩ። እንዲህ የሚቀልድብን ሰው ማነው? ቤታችን የምትገባው አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ ጎረቤታችን እትዬ የሺ። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ውስጥ ስላለች ከስፌት የተረፈ ቁርጥራጭ የምታመጣልን እሷ ናት። ሆዴን ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

"እትዬ የሺ፣ ይሄን ሰማያዊ እርስዎ ኖት የሚሰፉት?"

"የቱን ሰማያዊ?"

"የካሳሁንን ሸሚዝ!"

ፊቷ አመድ መሰለ። ዘወር ብላ ሰው አለመኖሩን አየች።

"ቀስ በይ እንጂ። እኔ የማመጣላችሁ ካኪና አቡጀዲ ነው። ምን ሸሚዝ ነው የምትይው?"

"እርስዎ ካልሆኑ ማን ነው ታዲያ?"

ሆዴን ሆዴን እያየች ዓይኗ እንባ ሞላ። "አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂ ልጄ... ራስሽን ጠብቂ" አለችና ቤቷ ገባች። ይባስ ብሎ አናደደችኝ። እኔ የጠየቅኳት ሌላ፣ እሷ የምትመልስልኝ ሌላ!

እነዚያንም ተርትሬ ጣልኳቸው። ምን ዋጋ አለው? ወዲያው ይመለሳሉ። ኮሌታው መጣ። እጅጌው መጣ። መጨረሻ ላይ ደከመኝና ተውኩት። እናቴ እንደሆነች በጣቷ እየነካች ዝም ብላ ታልፋለች፣ እኔም እንዳላየ ሆኛለሁ።

ሥራው ወደ ማለቁ ደረሰ። ምንጣፍ ላይ ገበሩን ዘረጋን። ጥጡን ፈልቅቀን አሳሳነውና በላዩ በተንነው። የተገጣጠመውን ጨርቅ ከላይ አለበስነው። ቀጥሎ ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር በረጃጅም ስፌት መያዝ አለባቸው። ያ ስፌት በኋላ ይመዘዛል። ግን ከመሰፋቱ በፊት አራቱም ጥግ መወጠር አለበት፤ አለዚያ ጥጡ ይኮማተራል።

አንዱን ጥግ እናቴ ተቀመጠችበት። አንዱን እኔ። ሦስተኛው ላይ ሙቀጫ አስቀመጥን። አራተኛው ላይ የከሰል ካውያውን ነበር የምናደርገው፤ እሱን እትዬ የሺ ተውሳ ወስዳዋለች።

ያ ጥግ አስቸገረኝ። አስተካክዬው ዞር ስል ይጠቀለላል። ተነስቼ እዘረጋዋለሁ፣ ስቀመጥ ይጠቀለላል። ጀርባዬ ሊቆረጥ ደረሰ።

"ወጥሪው እንጂ ሮሚ" አለች እናቴ።

"ስንት ቦታ ልሁንልሽ እማዬ?" ብዬ ጮህኩባት። ድንጋይ ላመጣ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ድንጋዩን አቅፌ ስመለስ እናቴ እየሰፋች ነበር።

"እንዲህ ነው እንጂ" አለች ፈገግ ብላ። "ጎበዝ። እንደያዝሽው ቆዪ።"

በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ድንጋዩ እጄ ላይ ነው።

አራተኛው ጥግ ተወጥሯል።

ምንም አልተጫነበትም። ከምንጣፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ተስቧል። ጫፉ ላይ ደግሞ ጨርቁ ጭምድድ ብሏል... ሰው በጣቱ ቆንጥጦ ሲይዘው እንደሚጨማደደው።

"ትንሽ ወደ አንቺ ሳቢው" አለች እናቴ።

ጥጉ ትንሽ ተሳበ።

ድንጋዩ ከእጄ አመለጠ። እናቴ በድንጋጤ ወደ በሩ ዞረች። ድምፁ ከየት እንደመጣ ስታውቅ መርፌዋ አየር ላይ ቀረ።

"ሮሚ... እዚያ ነሽ እንዴ?"

"እዚህ ነኝ።"

ወደ አራተኛው ጥግ ፊቷን መለሰች። ጥጉ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አረፈ።

ስለዚህ ነገር አንድም ቃል ሳንነጋገር ተኛን። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተቀምጠን ሦስቱን ጎን ሰፋን። የቀረው አራተኛው ነው፤ እንደ ትራስ አፍ ክፍት ሆኖ ጥጡ ብቅ ብቅ ይላል።

"አፉን ነገ እንዘጋዋለን" አለች እናቴ። ላቧን ጠረገች። "ሲደርሰው እንዴት ደስ እንደሚለው..."

አልቻልኩም። ያን ሁሉ ጊዜ የዋጥኩት አንድ ላይ ወጣ።

"ለማን ነው የሚደርሰው? ለማን? ካሳሁን ሞቷል እማዬ! ሞቷል!"

ከአፌ እንደወጣ ሁለቱንም እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ልቧን ስትይዝ፣ ስትወድቅ ታየኝ።

አልወደቀችም። በዳበሳ መጥታ ሆዴ ላይ እጇን አሳረፈች።

"ቀስ ልጄ... ቀስ በይ። ልጁን አታስደንግጪው።"

"እማዬ?"

"የሺ ነግራኛለች። ድሪቶው እኩሌታ ሳይደርስ። ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም ብለን ነው ካንቺ የደበቅነው። ሥራውን ባቆም ታውቂብኛለሽ ብዬ..."

ተያይተን ቀረን። እሷ በማያየው ዓይኗ፣ እኔ በእንባዬ። እኔ ለእሷ ብዬ፣ እሷ ለእኔ ብላ፣ ሁለታችንም እየጠላነው ለሞተ ልጅ ስንሰፋ ከረምን። ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ።

"ግን ሸሚዙን ስትሰፊው ልቤ ቆስሎ ነበር" አለች። "ሳታውቂ፣ ይናፍቀኛል ብለሽ የምታደርጊው መስሎኝ ዝም አልኩ። የት አገኘሽው?"

"እኔ አልሰፋሁትም።"

እጇ ሆዴ ላይ ቀዘቀዘ።

"ብዙአየሁ ለብሶት ነው የተቀበረው ብሎኛል" አልኳት።

ድሪቶውን ትተነው፣ በሩን ዘግተንበት ወጣን።

ለቅሶው ታወጀ። ድንኳን ተተከለ። እናቴ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች እንጂ ልቧ አልከዳትም። ሁሉም ሰው ተገረመ። እኔም ልጄም ደህና ነበርን። የፈራነው ሁሉ አልደረሰም።

ድንኳኑ በተነሳ ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ ያን ድሪቶ አጣጥፌ ለደሃ ልሰጠው ብዬ ምላጭ ይዤ ክፍሉ ገባሁ። ረጃጅሙን ስፌት ልመዝዝለት ነው። አሁንም እንደ ተናደድኩ ነበር፤ ዓይኔ እንዳያየው ብቻ ነው የፈለግኩት።

ምንጣፉ ላይ እንደተወነው ተዘርግቷል።

አፉ ግን ተዘግቷል።

ተንበርክኬ አየሁት። ጠበቅ ያለ፣ ያማረ ስፌት ነው። ቋጠሮውን ፈለግኩ። ከላይ የለም። ከሥሩ ገልብጬ በገበሩ በኩል አየሁ። የለም። ዳሩን በጣቴ ሳሸው ቋጠሮው ተሰማኝ... በጥጡ በኩል።

የተሰፋው ከውስጥ ነው።

"ሮሚ" አለች እናቴ ከውጭ። "ምን እያደረግሽ ነው?"

በምላጩ አንዷን ስፌት በጠስኳት። ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተ። ከውስጥ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ።

እጄን ከማንሳቴ በፊት የቀዳዳው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ከጥጡ መሃል የመርፌ ጫፍ ብቅ አለች። ጨርቁን ወግታ ወጣች፣ ዞራ ገባች፣ የበጠስኩትን መልሳ ሰፋች።

ከዚያ ክሩ ከውስጥ ተሳበና ጠበቀ።