የእሜቴ ቺንጋ

እናንተ ሳትወለዱ፣ እናታችሁም ገና ሳትወለድ፣ የዓለማያ ሐይቅ ጢም ብሎ ሞልቶ ወፎች ይንሳፈፉበት ነበር። ባቡርም ከናዝሬት ተነስቶ ድሬዳዋ ድረስ «ቱ! ቱ!» እያለ ይመጣ ነበር።

ያኔ ሐረር ውስጥ ትርንጎ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። እናትና አባት ነበሯት። አንዲት ሰማያዊ አሮጌ መኪናም ነበረቻቸው።

ትርንጎ አባቷን «አንተ» ትለዋለች፣ እናቷን «አንቺ» ትላታለች። በዚያ ቤት አንቱ የምትባለው መኪናዋ ብቻ ነበረች። በዕድሜ ሁሉንም ትበልጥ ነበርና ስሟን «እሜቴ» አሏት።

«እሜቴ፣ እባክዎ ይነሱ» ይላል አባቷ፣ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር።

እሜቴም «ኧሄ! ኧሄ! ኧሄ!» ብለው ያስላሉ። ደስ ሲላቸው ይነሳሉ።

ያን ክረምት እናቷ አስካለ ቤት አልነበረችም። አያት ታመው፣ ልታስታምማቸው ናዝሬት ሄዳለች። ትርንጎን እንዴት እንደናፈቀቻት አትጠይቁኝ።

ክረምቱ አለፈ፣ አያትም ዳኑ። አንድ ቀን «ቅዳሜ ማታ በባቡር ድሬዳዋ እገባለሁ» የሚል መልእክት መጣ።

ትርንጎ ለእናቷ ቀይ ሻሽ አስገዛች። «እማዬ ከባቡር ስትወርድ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው» አለች።

ቅዳሜ ዕለት ለእማዬ ሻንጣ ቦታ እንዲኖር ብላ የእሜቴን የዕቃ መጫኛ አጸዳች። አሮጌ ጆንያ አወጣች፣ ገመድ አወጣች። ጥቁር ቀለበት የመሰለ ጎማም ነበር፣ እሱንም አወጣችው።

ከሰዓት በኋላ ተነሱ። የዓለማያን ሐይቅ አለፉ። ትርንጎ በመስኮቱ ብቅ ብላ ለወፎቹ እጇን አወዛወዘች፣ «እማዬ ልትመጣ ነው» እያለች።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ወደ ድሬዳዋ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። ልክ እዚያ ሲደርሱ እሜቴ «ጢዪዪዪጥ!» አሉ።

ቀጥሎ «ጧ!» አሉ። ከመሪው ኋላ አንዲት ቀይ መብራት በራች።

አባቷ ጥግ ይዞ አቆመና ኮፈኑን ከፈተ። «ፍሽሽሽሽ» የሚል ትኩስ እንፋሎት ወጣ።

«ቺንጋቸው ተበጥሷል» አለ አባቷ።

«ቺንጋ ምንድን ነው?»

«ይኸውልሽ፣ ይህ ጥቁር ቀበቶ ነው። ማራገቢያውን ያዞራል፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ይገፋል፣ ለመብራቱም ኃይል ይሰጣል። ያለ እሱ ከሄዱ እሜቴ ይግላሉ፣ ይታመማሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ችግር የለም፤ መለዋወጫ አለን» አለና አባቷ ወደ ኋላ ሄደ። የዕቃ መጫኛውን ከፈተ። ባዶ ነው።

ትርንጎ ጥቁሩ ቀለበት ትዝ አላት። ፊቷ ቀላ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ለእማዬ ሻንጣ ብዬ ነው።»

አባቷ የዕቃ መጫኛውን ዘጋ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ራሷን ዳበሳት። «ለእማዬ ብለሽ ነዋ። አልቆጣሽም» አላት።

ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ትርንጎ ቁልቁል መንገዱን አየች። እማዬ ከባቡር ወርዳ ሰው ብታጣስ? የረሳናት ቢመስላትስ?

ቀዩን ሻሽ ከኪሷ አወጣች። አንድ ጊዜ በጉንጯ ላይ አሸት አደረገችውና ለአባቷ ሰጠችው። «ይህ ቺንጋ ይሆናል?»

«ሞክረን እንየዋ» አለ አባቷ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። ሻሹን ጠመዘዘው፣ በቺንጋው ቦታ አዙሮ ጫፍና ጫፉን አጥብቆ አሰረው።

«እሜቴ፣ እባክዎ ይነሱ።»

«ኧሄ! ኧሄ! ኧሄ!» እሜቴ ተነሱ። ቀዩ ሻሽ ሲሽከረከር ማራገቢያውም ዞረ። ትርንጎ በደስታ አጨበጨበች።

አንድ ኩርባ ወረዱ፣ ሁለተኛውን ወረዱ። ሦስተኛው ላይ «ጧ!» ሻሹ ብጭቅጭቅ አለ።

አሁን ትርንጎ አለቀሰች። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

በዚህ መሃል አንዲት ሴት፣ ውሃ የጫነች አህያዋን እየነዳች ዳገቱን ስትወጣ መጣች። አዴ ሙሚና ትባላለች። «ምነው የኔ ልጅ፣ ማን መታሽ?» አለቻት።

«ማንም አልመታኝም። እማዬ በባቡር ትመጣለች፣ እሜቴ ደግሞ አልሄድ አሉ።»

አዴ ሙሚና እሜቴን ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። «አርጅተዋላ» አለች። «የኔም አህያ አርጅታለች። ይህን ዳገት በአንድ ትንፋሽ አትወጣልኝም። ትንሽ ትሄዳለች፣ ትንሽ ታርፋለች። ግን አንድም ቀን ቤታችን ሳንገባ አድረን አናውቅም።»

ከዚያ አንድ ጀሪካን ውሃ አወረደችላቸው። እሜቴ በደንብ ሲበርዱ አባቷ ውሃውን ጨመረላቸው።

«እኛም እንደ አህያዋ እናደርጋለን» አለ አባቷ። «ትንሽ መሄድ፣ ትንሽ ማረፍ።»

ቀስ ብለው ወረዱ። አንድ ኩርባ፣ ከዚያ ቁም።

«አባዬ፣ እሜቴ በረዱ?»

«ገና ናቸው።»

ጠበቁ። «አሁንስ በረዱ?»

«አሁን በረዱ።»

ትንሽ መሄድ፣ ትንሽ ማረፍ። ከብቶች ቀደሟቸው፣ ግመሎችም ቀደሟቸው። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ አልፈዋቸው ሄዱ።

ትንሽ መሄድ፣ ትንሽ ማረፍ። ሰማዩ ቀላ፣ ከዚያም ጠቆር አለ። ከታች የድሬዳዋ መብራቶች አንድ በአንድ መብራት ጀመሩ።

ከሩቅ «ቱ! ቱ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ባቡሩ ገባ።

አባቷ መሪውን ጨበጥ አደረገ። «በቃ፣ ሳንቆም እንሂድ። እማዬ ብቻዋን ናት» አለ።

ትርንጎም የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ግን የሚቃጠል ሽታ ሸተታት። እንባዋን ዋጥ አደረገች።

«አባዬ፣ እሜቴ ግለዋል። ትንሽ ይረፉ» አለች።

አባቷ አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ አቆመ። እጅ ለእጅ ተያይዘው እሜቴ እስኪበርዱ ጠበቁ።

በመጨረሻ ቁልቁለቱ አለቀ። መንገዱ ሜዳ ሆነ፣ ግራና ቀኙን ትልልቅ ዛፎች ቆመውበታል። የእሜቴ መብራት ደክሞ የሚያሳየው ትንሽ ትንሽ ነው።

በዚያች ደካማ ብርሃን ከፊት ለፊታቸው አንድ ሰው ታየ። ሻንጣ ይዞ ወደ እነሱ ይመጣል።

ሰውየው ትንሽ ሄደ። ሻንጣውን አስቀምጦ ትንሽ አረፈ። ተነስቶ ደግሞ ትንሽ ሄደ።

ሰውየው ግን ቀሚስ ለብሷል፣ ነጠላም ደርቧል።

«እማዬ!»

ትርንጎ እንዴት እንደወረደች፣ እንዴት እንደሮጠች አላወቀችም። እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እናቷ ያው የድሮዋን እናቷን ትሸታለች።

«እማዬ፣ የረሳንሽ መስሎሽ ነበር?»

«እናንተ? እኔን?» አለች እናቷ። «እሜቴን የማላውቃቸው መሰለሽ እንዴ? ደንገጎ ላይ አሟቸው ይሆናል፣ ልቀበላቸው ብዬ መጣሁ እንጂ።»

«ከባቡር ስትወርጂ መጀመሪያ እንድታዪኝ ፈልጌ ነበር።»

እናቷ ግንባሯን ሳመቻት። «ከናዝሬት እስከዚህ በመስኮቱ ሳይ የማየው አንቺን ብቻ ነበር» አለቻት።

«ሻሽም ገዝተንልሽ ነበር። እሜቴ በሉት።»

እናቷ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። አባቷም ሳቀ። ሻንጣውን ከኋላ ጫኑትና ሦስቱም መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ከከተማው ሞቅ ያለ የምሽት ነፋስ ይመጣል።

ትርንጎ እናቷ ጭን ላይ ተጋደመች። እናቷ ነጠላዋን አለበሰቻትና ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋት ጀመር።

አባቷ ወጥቶ በመዳፉ ኮፈኑን ነካ አደረገው። «በርደዋል። እንሂድ?» አለ። «እዚህ ከተማው ውስጥ ወዳጄ ቤት እናድራለን። ነገ አዲስ ቺንጋ እንገዛላቸዋለን።»

ትርንጎ ዓይኗን አልገለጠችም።

«ገና ናቸው፣ አባዬ» አለች በእንቅልፍ ድምፅ። «ትንሽ ይረፉ።»

አባቷ እናቷን አያት። እናቷም አየችው። ከዚያ ገብቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ሞተሩንም አላስነሳም።